ለሠራተኛ እናት ልብስ ከየት? ልብስ ሰፊ፣ ሳልባጅ፣ ቴሌግራምና ሽሮ ሜዳ ሲመዘኑ

ፍርዴን መጀመሪያ ልናገር፤ ግማሾቻችሁ ይህን የምታነቡት ልጅ እያስተኛችሁ ስለሆነ መጨረሻው ላይ ላትደርሱ ትችላላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ቢሮ የምትሠራ እናት ለልብስ ከምታወጣው ብር አብዛኛው መሄድ ያለበት ወደ ሰፈሯ ልብስ ሰፊ ነው። ሳልባጅ ሁለተኛ ይወጣል። የቴሌግራም ሱቆች ሦስተኛ፣ እሱም አዝኜላቸው። ሽሮ ሜዳ ለብቻው የሚታይ ነው፣ እደርስበታለሁ።

የኔ ሚዛን ከፋሽን ገጾቹ ሚዛን ይለያል። እዚያ የምናየው ቆማ ፎቶ የምትነሳ ሴት ነው። እኛ ቆመን አንውልም። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ልጅ ታቅፈሽ፣ ቦርሳና ምሳ ዕቃ አንጠልጥለሽ፣ ጎንበስ ብለሽ ሚኒባስ ውስጥ ትገቢያለሽ፤ ወያላው "ጠጋ ጠጋ በሉ" ይላል፤ ልጁን መዋያው ታደርሺና ሮጠሽ ቢሮ ገብተሽ ምንም እንዳልተፈጠረ ስብሰባ ላይ ትቀመጫለሽ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነች ጠዋት ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ስድስት ሰዓት ላይ ደግሞ ያ ሁሉ ሹራብ ሸክም ነው።

ስለዚህ ልብስ ስለካ መስታወት የማየው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ ቁጢጥ እላለሁ። ቀጥዬ እጄን ወደ ላይ እዘረጋለሁ፣ አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ ብረት እንደምይዘው። ከዚያ ጎንበስ ብዬ የሌለ ልጅ ከመሬት አነሳለሁ። ሻጮቹ ይስቃሉ፤ ይሳቁ። ጉልበቴ ላይ ከያዘኝ፣ ወገቤ ከኋላ ከተራቆተ፣ ብብቱ ከጨመደደኝ፣ የፈለገ ቢያምር ይቅርብኝ። እንግዲህ ሁሉንም የምመዝነው በዚህ ነው።

ልብስ ሰፊው ለምን አንደኛ ወጣ?

የኔ ሰፊ ቤት አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። ማሽን፣ ኦቨርሎክ፣ ካውያ፣ ግድግዳው ሙሉ የተሰቀለ የሰው ልብስ። በሩ ላይ "እንሰፋለን፣ እናሳጥራለን፣ እናጠባለን" የሚል ጽሑፍ አለ። ማስፋትን አልጻፉትም፣ ከወለድን በኋላ ግን አብዛኞቻችን የምንሄደው ለእሱ ነው።

ነገሩን ከወሊድ ልጀምረው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የወሊድ ፈቃድ 120 ቀን ነው፤ 30ው ከወሊድ በፊት፣ 90ው ከወሊድ በኋላ። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ሕፃን 6 ወር እስኪሞላው የእናት ጡት ብቻ ይጥባ ይላል። ሁለቱን ቁጥሮች አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጪያቸው። ጡት እያጠባሽ ነው ቢሮ የምትመለሺው፤ ሰውነትሽም ገና ወደ ቦታው አልተመለሰም። በ2010 ለፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች በወጣው አዋጅ ቁጥር 1064/2010 መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ ተደንግጎ ነበር፤ ማቆያው ያለበት ቢሮ የምትሠራ እናት ደግሞ በሥራ መሃል ወርዳ የምታጠባ ከሆነ ከጀርባ በዚፕ የሚዘጋ ቀሚስ ለብሳ መሄድ አትችልም፤ ለማጥባት ሙሉ በሙሉ ማውለቅ ሊኖርባት ነው። የሱቅ የቢሮ ቀሚስ ደግሞ ዘጠና በመቶው ዚፑ ከጀርባ ነው ብል ማጋነኔ ይታወቅልኝና ይለፈኝ።

ሰፊው ጋ ግን ዚፑ የፈለግሽበት ይገባል። በጣም የምወደው አሠራር ይሄ ነው፦ ቀሚሱ ከፊት ለፊት እስከ ወገብ በቁልፍ ይከፈታል፣ ቁልፎቹ ላይ ስስ መሸፈኛ ይሰፋል፣ ከሩቅ ሲታይ ተራ የቢሮ ቀሚስ ነው። ቁልፎቹ ሲደረደሩ አንዱ የግድ ልክ በጡት መስመር ላይ ይዋል። ይህን ካልነገርሻቸው ቁልፎቹን እኩል እኩል ያከፋፍሉና ደረት ላይ አፉን ከፍቶ ይቀራል፤ ስብሰባ ላይ እጅሽን ደረትሽ ላይ አድርገሽ የምትውዪው ለዚያ ነው።

ሱሪ ስታሰፉ ደግሞ "ወገቡ ከፊት ጠፍጣፋ፣ ከኋላ ላስቲክ" በሏቸው። ከፊት ሲያዩሽ ድርጅት የምትመሪ ትመስያለሽ፣ ከኋላ ፒጃማ ለብሰሻል። ሆድ ቢነፋ፣ ክብደት ቢጨመር ቢቀነስ፣ ሱሪው አብሮሽ ይሄዳል። በጎን ስፌቱ ውስጥ ደግሞ 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ትርፍ ጨርቅ ይተዉልሽ። የፋብሪካ ልብስ ላይ ብዙ ጊዜ ይሄ ትርፍ የለም፣ ለዚህ ነው የተገዛ ሱሪ ማጥበብ እንጂ ማስፋት የማይቻለው። ስትለኪም ቁመሽ ብቻ አትለኪ፤ ተቀምጠሽ ዳሌሽን ያስለኪ፣ ምሳ በልተሽ ሂጂ፣ ሁልጊዜ የምታደርጊውን ጡት መያዣ አድርገሽ ሂጂ።

ኪስን በተመለከተ ከሰፊዬ ጋር የማያልቅ ክርክር አለን።

"ጋሼ፣ ኪሱ ስልክ የሚውጥ ይሁንልኝ።"

"ልጄ፣ የሴት ቀሚስ ላይ ትልቅ ኪስ ዳሌ ያወጣል።"

"ዳሌውማ አለ፣ ኪሱ ምን ያወጣዋል?"

ይስቃሉ፣ ከዚያ ትንሽ ኪስ ይሠራሉ። ቆሜ ካላስፈታሁት ያው ነው። ግን ተስፋ አትቁረጡ፤ አንድ እጁ በልጅ ለተያዘ ሰው ኪስ ማለት ሌላ እጅ ነው፤ ቁልፍ፣ ስልክ፣ የታክሲ ዝርዝር ብር፣ የልጅ ማስቲካ ሁሉ እዚያ ይገባል።

ጉድለታቸውን ሳልናገር ባልፍ ፍርዱ የጎደለ ይሆናል። አንደኛ፣ ቀጠሮ። "ሐሙስ ነይ" ማለት "ሐሙስ መጥተሽ ጨርቅሽን ሳይቆረጥ ታዪዋለሽ" ማለት ነው። ስለዚህ ለዓርብ የምፈልገውን ማክሰኞ ነው የምፈልገው እላለሁ፣ ቀብዱንም ሙሉ ዋጋ አላደርገውም፤ ቀሪው ብር ነው የሚያስቸኩላቸው። ሁለተኛ፣ ኮት። የሰፈር ሰፊ ቀሚስና ሱሪ አሳምሮ ይሠራል፣ ኮት ላይ ግን ትከሻውና ኮሌታው ይበላሽበታል። ውስጡ የሚገባው ማጠንከሪያና የሚፈልገው ካውያ ሌላ ሙያ ነው። ኮት እዚያ አታሰፉ።

ጨርቁስ?

ጨርቅ የምገዛው መርካቶ ነው። ሰፊው ጋ ያለው ጨርቅ ምቹ ነው፣ ግን ምርጫው ጠባብ ነው። መርካቶ ስትሄጂ ሻጩ ሁሉ "ኮተን ነው" ይልሻል፤ ላብሽን የማይመጠው ፕላስቲክ እንኳን ኮተን ነው። ፈተናው ቀላል ነው፣ ራሳቸው ነጋዴዎቹም ያደርጉታል። ከጣቃው ጠርዝ ሁለት ክር ትመዥያለሽ፣ ላይተር ትለኩሺበታለሽ። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ነድዶ፣ የወረቀት ሽታ ሸትቶ፣ በጣት ሲነካ ብን የሚል አመድ ይሆናል። ፖሊስተር ከሆነ ይኮማተርና ይቀልጣል፣ ጫፉ ላይ ጠንካራ ጥቁር ጠጠር ይቀራል። ሁለቱም ከታየ ቅልቅል ነው።

እኔን የምትጠይቁኝ ከሆነ ቅልቅሉን ነው የምገዛው። ንጹሕ ጥጥ ደስ ይላል፣ ግን ከታክሲ ስትወርጂ ተጨማዶ ተኝተሽበት ያደርሽ ይመስላል። ንጹሕ ፖሊስተር አይጨማደድም፣ ማታ ታጥቦ ጠዋት ይደርቃል፣ ነገር ግን የላብ ሽታ ይይዝና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያሳፍርሻል። ቅልቅሉ መሃል ላይ ነው። ጨርቁ ትንሽ የሚለጠጥ ከሆነ ደግሞ ቁጢጥ ለማለት አይያዝም። ክረምት ላይ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ልብስ ገመድ ላይ ሦስት ቀን እርጥብ ሆኖ ሲሰነብት፣ የመድረቁ ነገር ከማማሩ ይበልጣል። ጂንስ በነሐሴ ያጠበች ሴት የምለውን ታውቃለች።

ልክ ለማያውቅ፦ ስፋቱ 1.5 ሜትር የሆነ ጨርቅ ከሆነ ለሱሪ ከ1.2 እስከ 1.5 ሜትር፣ እጅጌ ላለው ከጉልበት ወረድ ለሚል ቀሚስ ከ2 እስከ 2.5 ሜትር ይበቃል። ወፈር ያልን ሰዎች ከላይኛው ቁጥር እንጀምር። ጥጥ ያለበትን ጨርቅ ደግሞ ሰፊ ጋ ከመውሰድሽ በፊት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈሽ አድርቂው፤ ጨርቁ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ሊሰበሰብ ይችላል፣ ከተሰፋ በኋላ ከሚሰበሰብ ከመሰፋቱ በፊት ይሰብሰብ።

ቀለም ላይ ጥቁር ያዋጣል የሚባለው እናት ላልሆነች ነው። የደረቀ ወተት ጥቁር ላይ ነጭ ካርታ ይሠራል፣ የትከሻሽ ላይ ማስታወክማ አይነሳ። ፈዛዛ ግራጫ ደግሞ ጡት ሲፈስ ወዲያው ያሳብቃል። የሚያዋጣው መካከለኛ ቀለም ላይ ጥቅጥቅ ያለ አበባ ወይም ነጠብጣብ ነው። ሰማያዊ ላይ የተበተነ ትንንሽ አበባ፣ ቡናማ ላይ ነጭ ነጠብጣብ። ሽሮ ቢፈናጠርበት እንኳን አንዱ አበባ ይመስላል።

ሳልባጅ፦ ለኮት ብቻ ቢሆንም

ሳልባጅን ሁለተኛ ያደረግኩት በኮት ምክንያት ነው። ሰፊዬ የማይችሉትን ያንን ትከሻ፣ ያንን ኮሌታ፣ ገበሩ ሳይቀር የተሠራ ብሌዘር ከአዲሱ ዋጋ በጣም ባነሰ ታገኚዋለሽ። ከዚያ እጅጌውን ሰፊው ያሳጥርልሻል። እጅጌ ማሳጠር ቀላል ነው፣ ትከሻ ማስተካከል ግን አይሞከርም፤ ስለዚህ ስትለኪ ትከሻውን ብቻ እዪ፣ ሌላው ይስተካከላል።

ቦንዳ በሚፈታበት ጠዋት መሄድ የሚችል ሰው የተሻለውን ይወስዳል። ሠራተኛ እናት ደግሞ ያን ጠዋት የት ታገኘዋለች? ያገለገለ ልብስ ለንግድ ማስገባትም በሕግ የተከለከለ ስለሆነ አንድ ሰሞን ሞልቶ ይገኛል፣ አንድ ሰሞን ደርቋል። ልክሽ የተገኘ ቀን ተገኘ ነው። ስትገዢ ብብቱን ገልብጠሽ እዪ፣ ዚፑን ሦስት አራት ጊዜ ሳቢው፣ ወደ ብርሃን አንስተሽ ብል የበላው ቦታ ካለ ተመልከቺ። ቤት ስትደርሺ ከልጅ ልብስ ጋር ሳትቀላቅዪ እጠቢው። ከነዚህ ሱቆች የልጅ ልብስም ይገኛል፣ ግን ያ ሌላ ጨዋታ ነው።

ቴሌግራም፦ ፎቶው ሌላ፣ የመጣው ሌላ

ቢሮ ቁጭ ብለሽ፣ ምሳ እየበላሽ፣ አውራ ጣትሽን እያንሸራተትሽ መግዛት ነው፤ ለኛ ከዚህ የሚመች ነገር የለም። ችግሩ ዕቃው ላይ ነው። ፎቶው ከቱርክ ድረ ገጽ የተወሰደ ነው፣ የለበሰችው ልጅ ቁመቷ አጥር ይዘልላል፣ ከሥሩ "ፍሪ ሳይዝ፣ ከ38 እስከ 44፣ ዋጋ በውስጥ መስመር" ተጽፏል። 38 እና 44 አንድ ልብስ ውስጥ እንዴት እንደሚገቡ የሚያስረዳ ሰው የለም።

እኔ ስሙን ከማልጠራው ሱቅ የቢሮ ቀሚስ አዝዤ ነበር። ክፍያው በቴሌብር፣ በቅድሚያ። ሲመጣ ቀለሙ ፎቶው ላይ ያለው ጥቁር አረንጓዴ ሳይሆን የሆስፒታል መጋረጃ የመሰለ አረንጓዴ፣ ጨርቁም ስስ ሆኖ ውስጥ ልብስ የሚያሳይ። "መመለስ የለም፣ መቀየር ይቻላል" አሉኝ። ልቀይር ስል ያለው ያው ቀሚስ በሌላ ቀለም። ከዚያ በኋላ መልእክቴን እያዩ ዝም። አንድ እህቴ ጉርድ አድርጋ እየለበሰችው ነው፤ ገበር አስገብታበት።

ሁሉም እንዲህ ናቸው አልልም። ዕቃውን ሲያመጡ የሚከፈላቸው፣ ቤት መጥተሽ ለክተሽ ክፈይ የሚሉም አሉ፣ ከነሱ ጋር መሥራት ነው። ከመክፈልሽ በፊት ሦስት ነገር ለምኚያቸው፦ በቀን ብርሃን በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ፣ ልብሱ ውስጥ የተሰፋውን መለያ ጽሑፍ ፎቶ፣ እና ልብሱ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ወገቡና ዳሌው በሳንቲ ሜትር ስንት እንደሆነ። የቻይና ልክ ከአውሮፓ ልክ ያንሳል፣ ስለዚህ 42 የሚለው ቁጥር ብቻውን ምንም አይነግርሽም። ሳንቲ ሜትር ሲጠየቁ የሚናደዱ ከሆነ እዚያው ተዪው። ለማጥቢያ ጡት መያዣ፣ ለታይትና ለካልሲ ግን ቴሌግራምን ማንም አይስተካከለውም።

ቡቲክ ላይ ቃል አላበዛም። ጨርቁን ነክቼ፣ አሠራሩን አይቼ፣ አንዳንዴ በስልኬ ፎቶ አንስቼ ወደ ሰፊዬ እሄዳለሁ። (ፎቶ አታንሺ የሚሉም አሉ፣ አላስቀየምኳቸውም፤ ዓይን አለኝ።)

ሽሮ ሜዳ፦ በዓመት ሁለት ቀን ወይስ በየሳምንቱ?

ከአሜሪካ ኤምባሲ አለፍ ብሎ ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ያለውን የሀበሻ ልብስ ገበያ የማያውቅ የለም። አብዛኞቻችን የምንወጣው በዓል ሲደርስ ነው። የካቲት ላይ ደግሞ ቢሮ ውስጥ ጣጣው ይደራረባል፤ የካቲት 23 አድዋ፣ የካቲት 29 ማርች 8። ለማርች 8 "ሁላችንም አንድ ዓይነት እንልበስ" የሚለው መዋጮ ይመጣል፣ አንዷ ልክ ትሰበስባለች፣ ለሁሉም አንድ ቅድ ይሰፋል፣ ነፍሰ ጡሯም ቀጭኗም እሱን ይለብሳሉ። ከዚያ ቀሚሱ ቁም ሳጥን ውስጥ ዓመት ይተኛል።

እኔ የምመክረው ሙሉ ቀሚስ ትታችሁ እስከ ዳሌ የሚደርስ ሸሚዝ እንድታሰፉ ነው። ቀጭን ጥበብ እጅጌው ጫፍና አንገቱ ላይ ብቻ፣ ደረቱ ባዶ። ከጥቁር ሱሪ ጋር ተራ ሰኞ ላይ ይለበሳል፣ ለአድዋም ለማርች 8ም ከነጠላ ጋር ይሆናል። ነጭ መሆኑ የሚያስፈራሽ ከሆነ ግራጫና ቡናማ ድር ያለበትም አለ፣ ጠይቂ። ዋጋ ሲጠሩ አትደንግጪ፣ ግን አትሟገቺም ማለት አይደለም። እጅ ሥራ ስለሆነ አንዱ ከሌላው ይለያያል፤ ገልብጠሽ የጥበቡን ጀርባ እዪ፣ ክሩ ተንጠልጥሎ ከተተወ ልጅ ጣቱን ያስገባበትና ይመዝዘዋል።

አጠባው ላይ ግን ምቹ ነው ብዬ አልዋሽም። ለብቻው፣ በቀዝቃዛ ውሃ፣ በእጅ። ከመታጠቡ በፊት ነጭ ጥጥ አርጥበሽ ጥበቡን ጠረግ አድርጊው፣ ቀለም ከነካው ይለቃል ማለት ነው፤ ለአጣቢም ንገሪያት።

ከገበያው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ግዢ ብትሉኝ ስስ ነጠላ ነው። ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ አንገት ይሸፍናል፣ ቀን ከፀሐይ ይጋርዳል፣ ስታጠቢ ትከሻሽ ላይ ጣል አድርገሽ ማንም ሳያይሽ ታጠቢያለሽ፣ ለቅሶ ከቢሮ በቀጥታ መድረስ ቢኖርብሽ ደግሞ ቤት መመለስ አያስፈልግሽም። ታጥፎ ቦርሳ ውስጥ ቦታ አይፈጅም።

ታዲያ ጠዋት ምን ልልበስ?

የኔ ቁም ሳጥን አሁን ያለበት ሁኔታ ይሄ ነው። ሁለት ከኋላ ላስቲክ ያላቸው ሱሪዎች፣ አንዱ ጥቁር ሰማያዊ አንዱ ቡናማ። ከፊት የሚከፈቱ አበባ አበባ ሸሚዞች፣ ማንኛውም ከማንኛውም ሱሪ ጋር የሚሄድ፤ ይህን ቀድሜ ስለማስብበት ጠዋት በጨለማ እጄ የነካውን እለብሳለሁ። አንድ የሳልባጅ ብሌዘር ቢሮ ወንበሬ ጀርባ ላይ ተሰቅሎ ይኖራል፣ ቤት አይመጣም፣ ስለዚህ ልጅ አይነካውም፤ አለቃ ሲጠራኝ ብድግ ብዬ አጠልቀዋለሁ፣ በአንድ ጊዜ ሽክ። ቀዝቃዛ ጠዋት ላይ ከፊት በቁልፍ የሚዘጋ ሹራብ፤ በጭንቅላት የሚጠለቅ ሹራብ ፀጉር ያበላሻል፣ የተኛ ልጅ ታቅፈሽም አይወልቅም።

ጫማ ላይ ታኮ ያላት ቢሮ መሳቢያ ውስጥ ታስቀምጠው፣ መንገድ ላይ ሸራ ጫማ ወይም ዝቅ ያለ ቆዳ ጫማ ይደረግ። ክረምት ጭቃ ሲሆን ከታች ወፍራም ጎማ ያለው። የጆሮ ጌጥ ጆሮ ላይ የተጣበቀ ትንሽ ይሁን፣ የተንጠለጠለ ከሆነ ሕፃን ይጎትተዋል፤ ፏ ማለት ያማራት ደግሞ ከንፈሯን ቀይ ትቀባ።

አንድ የመጨረሻ ነገር ለሰፊ ደንበኞች። ከነሐሴ አጋማሽ ጀምሮ እስከ መስከረም ማለቂያ ሰፊዎቹ በተማሪ ዩኒፎርምና በእንቁጣጣሽ ልብስ ይያዛሉ፤ ያን ጊዜ የገባ የቢሮ ሱሪ ለመስቀልም አይደርስም። ጨርቃችሁን ሐምሌ ላይ ስጡ።